ሞተሩ ያልተጠራበት ሽምግልና

እኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። መሐል ነው። አንዱ ድንበሬ ከዋርካው ሥር ነው ይላል፤ ሌላው የለም ከቦዩ ዳር ነው ይላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ድንጋዩን ከዋርካውና ከቦዩ መሐል አስተክሎ ይመርቃል። መሬቱ በእውነት የማን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ነገር ማራዘም ነው። እኔ ራሴ ስንቱን ድንጋይ መሐል ላይ እንዳስተከልሁ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ባለጉዳዮቹ ተሳስመው መሄዳቸውን ነው። ቤታቸው ገብተው በራቸውን ከዘጉ በኋላ ምን እንዳሉ ሽማግሌ አይሰማም። አለመስማቱም አንዱ የሽምግልና ጥቅም ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኋችሁ የኋላው አይገባችሁም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ መሪ መጨበጥ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ አርጅቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዶሮ አልገጨሁም። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ ያልገጨሁት ጎበዝ ስለሆንሁ ሳይሆን ፈሪ ስለሆንሁ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ይተርተዋል፣ እኔ እኖርበታለሁ። መኪና ከማስነሳቴ በፊት ውኃውን አያለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ፣ ጎማውን በእግሬ እመታለሁ፣ ከዚያ ውኃውን እንደገና አያለሁ። ሟች ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተን ጠብቆ ሰርግ የሄደ፣ ተዝካር ይደርሳል» ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ያኔ ያስቅ ነበር።

ጡረታ ስወጣ አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ገዛሁ። ለምን ገዛህ ላላችሁኝ፣ ከመኪና ተለይቼ መኖር ስለማላውቅ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ እታለም ናት።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ከቁይ ከተማ ወዲህ ባለች መንደር ትኖር ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ጡት ያልጣልሁ ሕፃን ነበርሁ፤ እሷም ገና ልጅ ነበረች። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ እንቁላል ሸጣ ደብተር የገዛችልኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ያደረሰችኝ እሷ ናት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሳል ያዛት። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ባልኋት ቁጥር፣ «ሐኪም ቤት በእግሩ የገባ በቃሬዛ ይወጣል» እያለች ትመልሰኝ ነበር። ከእታለም አፍ እሺታ ማውጣት ከዓለት ውኃ እንደማውጣት ነበር።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት፣ እኔ ተስፋ ከቆረጥሁ በኋላ፣ ራሷ ደወለች።

«ፈንቴ፣ ና ውሰደኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕ እህሌን የሚያጭዱልኝ ደቦ ይመጣሉ። ማክሰኞ ጠዋት ና። በሰው መኪና ግን አልሳፈርም። ሰው ላይ ስስል አፍራለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጡብኝ፤ ፍርሃቱ ቀደመ። ምክንያቱም የፒክአፔ ጭስ ማውጫ ተበስቶ ጭሱ በወለሉ በኩል ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ መስኮት ከፍቼ ለምጄዋለሁ። ለሳል በሽተኛ ግን ጭስ የሚገባበት መኪና እንዴት ይሆናል? የዚያኑ ሐሙስ ጋራዥ ወሰድኋት።

ጋራዡ የሁለት ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ተጠጋግተው የሚሠሩ፣ አባቶቻቸውም ጎረቤታሞች የነበሩ። አንዱ ሜካኒኩ ሰይድ ነው፤ የመለዋወጫ ሱቅም አለው። ሌላው በያጁ ደሴ ነው። ደሴ ጭስ ማውጫውን ከሞተሩ ሥር እስከ ጅራቱ አዲስ አድርጎ ሠራልኝ፤ እጁ ይባረክ። የቀረችው አንዲት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ብቻ ነበረች። ኦክስጅን ሴንሰር ይሏታል። አሮጌዋ ተቃጥላ ስለነበር ሰይድ አዲስ አወጣልኝ።

«ይቺ የሞተሩ አፍንጫ ናት፣ አያ ፈንቴ» አለኝ ሰይድ በመዳፉ ላይ አስቀምጦ እያሳየኝ። «የሚወጣውን ጭስ ታሸትና አየር ተርፎበት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። አየር በዛ ስትል ቤንዚን ይጨመራል፤ አነሰ ስትል ይቀነሳል።»

«ብትዋሽስ?» አልሁት። ጠርጣራ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ።

«እሷስ አትዋሽም። ያለቦታዋ ካስቀመጧት ግን ያልሆነ ነገር ታሸታለች።»

ይህን ቃል ያኔ ብሰማው ኖሮ! ሰምቼዋለሁ እኮ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

አዲሱ ቧንቧ ለሴንሰሯ የሚሆን ቀዳዳ አልነበረውም። የት ይበሳ? ሰይድ ከሞተሩ አጠገብ ይሁን አለ፤ አራቱ ቧንቧዎች ገጥመው አንድ ከሆኑበት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በላይኛው በኩል። እዚያ ጭሱ ትኩስ ነው፣ የሁሉም ድምር ነው፣ ሴንሰሯ ቶሎ ትሞቃለች። ደሴ ደግሞ ከወደ ኋላ፣ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ አጠገብ ይሁን አለ። እዚያ ቧንቧው ቀጥ ያለ ነው፣ እጅ ይገባል፣ ቁልፍ ይዞራል።

«አንተ በምትለው ቦታ ክንዴ አይገባም!» አለ ደሴ። «ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ብረት ፈስሶ የተሠራ ነው፤ ብየዳ ሲነካው ይሰነጠቃል።»

«ከላዩ ማን አለህ? ዝቅ ብሎ ነው ያልሁህ። አንተ ያልኸው ቦታ እስኪደርስ ጭሱ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አፍንጫ አያሸትም።»

«ጉንፋን ይዞታል በለኛ!»

«ወላሂ፣ አንተ የአጥር በር ብትበይድ ይሻልሃል።»

«አንተም ሱቅህ ገብተህ ዕቃህን ሽጥ!»

ሰው የሚጣላው በተጣላበት ነገር አይደለም። ቆይቼ ስጠይቅ፣ ለካ ከሁለት ወር በፊት የደሴ ብየዳ ፍንጣሪ የሰይድን ሱቅ አዲስ የጥላ ሸራ በስቶት ኖሯል። አንዱ ይቅርታ እስኪጠየቅ፣ ሌላው እስኪወቀስ ሲጠባበቁ ከረሙ። የእኔ ሴንሰር ለቆየው ነገር ሰበብ ሆነች። ደሴ መበየጃውን ጣለ፤ ሰይድ ሴንሰሯን ኪሱ ከተተ። ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ አለፈ። መኪናዬ አንጀቷን ዘርግታ እንደቆመች ሰኞ ሆነ። እታለም የቀጠረችኝ ማክሰኞ ነው።

እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ? ሽምግልና አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ጠርቼ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥኋቸው። ጋቢዬን አስተካከልሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ አባቶቻቸው ጉርብትና ተናገርሁ፤ ስለ ሸራው ደሴን ወቀስሁት፤ ስለ አፉ ሰይድን ወቀስሁት። ደሴ አንገቱን ደፋ። ሰይድም ለሰለሰ። ከዚያ ከኪሴ ሲባጎ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ሰይድ ባለው ቦታ አስይዤ ሌላውን ደሴ ባለው ቦታ አስያዝሁ። ሲባጎውን ለሁለት አጠፍሁት፣ እጥፋቱ ላይ ቋጠሮ ቋጠርሁ፣ መኪናዋ ሥር ገብቼ ቋጠሮው ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

«እዚህ ይሁን» አልሁ።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ አየው። «አያ ፈንቴ፣ ይስሙኝማ። ይሄ ሁለቱ ቧንቧ ከተቀጠሉበት መጋጠሚያ ጀርባ ነው፤ መጋጠሚያ አየር ይስባል። ቧንቧውም እዚህ ላይ ሆዱን ጥሏል፤ ላዩ ከመኪናዋ ወለል ጋር ስለሚገናኝ ቀዳዳው ከሥር ሊሆን ነው፣ ውኃ ይተኛበታል…»

እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ። «ሰይዴ፣ አንተም ትንሽ ተው፤ እሱም ትንሽ ይተው።»

ሽበቴን አየ። የደሴን ፊት አየ። ከዚያ አገራችን ሁሉ የሚያውቃቸውን ሁለት ቃላት ተናገረ፦

«እርስዎ ካሉ።»

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እስቲ በሞቴ ንገሩኝ፣ በዚች ቃል ሥር ስንት እውነት ተቀብሯል? «እርስዎ ካሉ» ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም። አውቃለሁ፣ ግን ሽበትዎን አልደፍርም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። እኛም ተስማማሁ እንደተባልን አድርገን እንመርቃለን።

መረቅሁ። ተሳሳሙ። ደሴ «ወንድሜ!» ብሎ አለቀሰ። ከአጥሩ ማዶ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ደስ አላቸው። ደሴ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን የመሰለ ብየዳ በየደ፣ ሰይድ ሴንሰሯን ራሱ አጠበቃት። መኪናዋን በከተማው ሜዳ ላይ አንድ ዙር አዞርኋት፤ እንደ ሰዓት ትሠራለች። «አንድ ቀን ትቆይልኝና ዳገት ላይ ልሞክራት» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ። «ነገ እታለም ትጠብቀኛለች» አልሁት። ሁላችንም ተስማምተን ተለያየን።

ሞተሩ ግን ለሽምግልናው አልተጠራም ነበር።

ማክሰኞ ውርጭ ጥሎ ነበር። ውኃውን ሦስት ጊዜ አይቼ ተነሣሁ። ከወንበሩ ላይ ለእታለም ትራስ አስቀምጫለሁ፣ የምትሸፈንበት ብርድ ልብስ አስቀምጫለሁ። ሜዳው እስኪያልቅ ደኅና ሄድን። ከዚያ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። በመስታወት ወደ ኋላ ባይ ጥቁር ጭስ ተከትሎኛል። የነዳጁ መርፌ ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሳለች።

መኪናዋ ናት የሳለችው። ያንን ሳል ግን አውቀው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ዳገቱ መሐል ቆመች።

ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረግሁ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ እንደ ምድጃ ጥላሸት ጠቁረዋል። ጠርጌ መለስኋቸው፤ ተነሥታ ጥቂት ሄደችና እንደገና ጠፋች። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ፦ በመጋጠሚያው የገባው የውጭ አየር ሴንሰሯን «አየር በዛ» አስብሏታል፤ ሞተሩም አምኗት ቤንዚን ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ ታነቀ። እሷስ አልዋሸችም። ያስቀመጥኋት ቦታ ነው የዋሸው። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው ይህ ነው፤ የሰይድ ቦታ ቢሆን ልክ ነበር፣ የደሴ ቦታ እንኳ ቢሆን ምናልባት እያነከሰችም ታደርሰኝ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። አንድ መኪና መጣ፣ ቆመልኝ። መኪናዬን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ አሳለፍሁት። ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም አሳለፍሁት። አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች እያልሁ ፀሐዩ ከአናቴ አለፈ። ሦስተኛው ኢሱዙ ነበር። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«አባት፣ ይውጡ እንሂድ።»

«መኪናዬን ትቼ? ቢሰርቋትስ?»

«ማን? ሌባውስ ይህን ዳገት ገፍቶ ነው የሚሰርቃት?»

ይህን ሲለኝ ነው ከራሴ ጋር የታረቅሁት። ወጣሁ። ሰዓቱ ግን ዘጠኝ አልፎ ነበር።

እታለም መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትንሽ ጓዟን በእግሯ ሥር አድርጋ። በርጩማዋን ከቤት ይዛ ወጥታ ነው የተቀመጠችው። ሳሩ ላይ ሳይ የበርጩማው እግሮች የተተከሉበት ምልክት አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። እዚህ ሦስት ቀዳዳ፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ሦስት ቀዳዳ፣ ደግሞ ሦስት ቀዳዳ፣ በግማሽ ክብ። ብርዱ አልሆን ሲላት፣ ፀሐዩ ሲዞር እሷም በርጩማዋን እያዞረች ስትከተለው ነው የዋለችው።

«መጣህ?» አለችኝ።

«መጣሁ እታለም።»

«መኪናህስ?»

«ዳገቱ ላይ ቀረች።»

«ግማሽ መንገድ ላይ?»

«ግማሽ መንገድ ላይ።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት፤ ጀርባዋን ይዤ እስኪያልፍላት ጠበቅሁ። ትከሻዋ በነጠላው ውስጥ እንደ ወፍ አጥንት ነበር። ነገ በሌላ መኪና፣ ብቻችንን ተኮናትረን እንሄዳለን አልኋት። ለመንኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«ተወው ፈንቴዋ። እግዜር አልፈቀደውም። ከጠዋት ጀምሬ እጠይቀው ነበር፣ መልሱን ነገረኝ። እኔም ከቤቴ እስከ መንገድ ወጣሁ፤ አንተም ግማሽ መንገድ አመጣሃት። ከዚህ በላይ ሰው አይችልም። ይበቃናል።»

ስንቱን ሰው በዚህ በመሐል መንገድ ዝም እንዳሰኘሁ አስቡት። በራሴ ሲባጎ ሲያስሩኝ ምን ልበል? «እግዜር አይደለም እታለም፤ ሲባጎ ነው፤ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ሰላም አግኝቷል፤ ያንን ሰላም ማፍረስ ፈራሁ። ፈሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ።

«አንቺ ካልሽ» አልኋት።

እግዜርን ያለ ጥፋቱ አስወቀስሁት። ጓዟን ተሸክሜ፣ በርጩማዋን በሌላው እጄ ይዤ ቤቷ አስገባኋት።

ኅዳር ሲጋመስ አረፈች። ሐኪም ቤት ብትደርስ ትድን ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሐኪሞቹ አላዩአትም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ለቅሶው ላይ ሰይድና ደሴ አብረው መጡ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰይድ ውኃ ሲያልፍ ለደሴ ያቀብለዋል፤ ደሴ ለሰይድ ቦታ ይለቅለታል። ያየ ሁሉ «እርቅ ማለት እንዲህ ነው፤ አያ ፈንቴ ያስታረቀው አይፈርስም» እያለ ሲያደንቅ በጆሮዬ ሰማሁ። እውነት ነው። እርቁ ዛሬም አልፈረሰም።

ከለቅሶው በኋላ ጋራዥ ሄድሁ። መኪናዬ በገመድ ተጎትታ ገብታ ነበር። ሰይድ መሬት መሬት እያየ፣ «አያ ፈንቴ፣ ካልተቀየሙ… ቦታውን ብንለውጠው…» አለኝ። ደሴ ቧንቧ መቁረጫውን ይዞ ኖሯል። በጠመኔ ምልክት ያደረግሁበትን ቦታ ቆርጦ አወጣው፣ መጋጠሚያውን አጠበቀው፣ ፈስሶ የተሠራው ብረት ካለቀበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በላይኛው በኩል፣ ጋደል አድርጎ በየደው። አይገባም ያለው ክንድ ገባ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። አለመጠየቃቸውን እንዴት እንዳመሰገንሁት!

ለአርባዋ ስሄድ መኪናዋ ያንን ዳገት እንደ ፍየል ወጣችው። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም። ጭስ የላትም። ድንጋይ ያደረግሁበት ቦታ ላይ ላቆም ፈለግሁና እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ አለፍሁት። ሰው ገና ሳይሰበሰብ ደረስሁ። ሟች ባለቤቴ እንዳለችው ነው፤ ተዝካር ላይ በሰዓቱ ደረስሁ።

ሰው እኔን ለሽምግልና መጥራቱን አልተወም። እንዴት ይተዋል? ሰይድንና ደሴን ያስታረቅሁ አይደለሁም? በቀደም ለት ከይጁቤ መንገድ በታች ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲከፍሉ ተጣልተው ወሰዱኝ። አንዱ ከዋንዛው ወዲህ አለ፣ ሌላው ከዋንዛው ወዲያ አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢዬን እስካስተካክል ይጠብቃሉ። እጄን ኪሴ ስከት ሲባጎው አለ፤ ቋጠሮውን ገና አልፈታሁትም ነበር።

«ያልተጠራ ማን አለ?» አልሁ።

ተያዩ። «ማንም የቀረ የለም፣ አያ ፈንቴ።»

«እህት የላቸውም?»

«አለቻቸው። ተድራ ወንዝ ማዶ ነው ያለችው። እሷ ምን ትላለች ብለው ነው?»

«ምን እንደምትል እኔ በምን አውቄ? ጥሯት።»

«እንዴ፣ እስክትመጣ ነገሩ ይረዝማል እኮ!»

«ይርዘም» አልሁ።

እያጉረመረሙ ሰው ላኩ። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ጠዋቱም ብርድ ነበር። ሌላው ሁሉ እሳት ፍለጋ ቤት ሲገባ እኔ ደጅ ቀረሁ፣ መንገዱ ከሚታይበት። እስክትመጣ ድረስ ፀሐዩ ሲዞር እኔም በርጩማዬን አዞርሁ።